ዘሪው ቀለም እስኪያገኝ

በ1875 ሰኔ ወር፣ ፓሪስ ውስጥ ኦቴል ድሩኦ በሚባለው የጨረታ ቤት፣ የአንድ ሰዓሊ ንድፎች ከመሸጣቸው በፊት ለሕዝብ ታይተው ነበር። ሰዓሊው ዣን ፍራንሷ ሚሌ ያረፈው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። ሊያዩ ከገቡት መካከል በሥዕል ንግድ ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ የ22 ዓመት ሆላንዳዊ ወጣት አለበት። እንጀራው ሥዕል ማየት፣ ዋጋ ማወቅና ለደንበኛ ማሳየት ስለሆነ ዓይኑ ሥዕል የጠገበ ነው። ከዚያ አዳራሽ ወጥቶ ለወንድሙ ለቴኦ በጻፈው ደብዳቤ ግን ስለ ዋጋ አላነሳም። የመጣለት ሙሴ በሚነደው ቁጥቋጦ ፊት ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘበት ቃል ነበር። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማውን አውልቆ ለሚገባ ያገራችን ሰው የወጣቱ ስሜት ማብራሪያ አያሻውም።

ወጣቱ ቪንሰንት ቫን ጎግ ነው። ያን ጊዜ ሰዓሊ እሆናለሁ ብሎ አላሰበም። ከዚያች ቀን እስከ ዕለተ ሞቱ በነበሩት 15 ዓመታት አገር ቀየረ፣ ሙያ ቀየረ፣ እምነቱ ተናወጠ፣ ጤናው ከዳው፤ ሚሌ ግን አልለቀቀውም። (በዚህ ምዕራፍ የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአንድን ጥበበኛ ሥራ መውደድ ሌላ፣ በሥራው መለከፍ ሌላ። የወደደ ሰው አድንቆ፣ ተደስቶ፣ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የተለከፈ ግን መሄድ አይችልም፤ ሥራው በእንቅልፉም ይመጣበታል፣ እንዴት እንደተሠራ ካላወቀ ዕረፍት የለውም፣ በመጨረሻም እጁ ራሱ ይበላዋል። ለጀማሪዎች ከምንሰጠው ምክር ሁሉ አብዝተን የምንደጋግመው «የራስህን መንገድ ፈልግ፣ ማንንም አትምሰል» የሚለውን ነው። ይህ ምክር ብዙ እጆችን ሳያፈሩ እንዳደረቃቸው አምናለሁ። ገና ምንም ያልያዘ ሰው የራሱን ከየት ያመጣዋል? የቫን ጎግን የልክፍት ታሪክ በዝርዝር የምተርከው ለዚህ ነው። ዛሬ ሥራውን ከሩቅ አይተን ስሙን የምንጠራለት ይህ ሰው ወደ ራሱ የደረሰው በሌላ ሰው ማሳ አቋርጦ ነው።

ማሳውን እንየው። ሚሌ የገበሬ ልጅ ነው፤ በ1814 በኖርማንዲ ጠረፍ ግሩሺ በምትባል መንደር ተወለደ። በ1849 ከፓሪስ ወጥቶ ባርቢዞን ገጠር ገባ፣ እዚያው ኖሮ እዚያው ሞተ። «ዘሪው» የተሰኘውን ሥዕል የሠራው በ1850 ነው። የሸራው ቁመት 1 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሰውዬው ግን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ባርኔጣው ወደ ዓይኑ ወርዶ ፊቱን ጋርዶታል። የዘሩ ከረጢት ከትከሻው ተንጠልጥሏል፣ አንድ እጁ ወደ ኋላ ተወርውሯል፣ ቁልቁለቱን በረጅሙ ይራመዳል። ከኋላው ወፎች ዘሩን ሊለቅሙ ያንዣብባሉ። ራቅ ብሎ፣ ብርሃኑ ገና ካልጠፋበት አድማስ ላይ፣ በሬዎች ጠምዶ ማሳውን የሚያለሰልስ ሌላ ገበሬ ይታያል። ጤፍ በእጅ እየተበተነ በሚዘራበት አገር ያደገ ሰው ያንን ክንድ ወዲያው ያውቀዋል፤ ዘሩ እኩል እንዲዳረስ እግርና እጅ አንድ ምት ይዘው መሄድ አለባቸው፣ ሚሌም የሣለው ያንን ምት ነው። የፓሪስ ተቺዎች ግን ሌላ ነገር ታያቸው። የ1848ቱ አብዮት ትኩሳት ሳይበርድ እንዲህ ያለ ግዙፍ ገበሬ ፊት ለፊታቸው ሲመጣ አንዳንዶቹ ዛቻ መሰላቸው።

ቫን ጎግን የያዘው ይህ ሰው ነው። አባቱ ፓስተር ነበሩ፤ የዘሪውን ምሳሌ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ አድጓል። እሱም በተራው ቦሪናዥ በሚባለው የቤልጂየም የከሰል ማዕድን አካባቢ ለማዕድን ቆፋሪዎች ወንጌል ሲሰብክ ቆይቶ በ1879 ተሰናበተ። ስብከቱ ሲወሰድበት ዘሪው ቀረለት፣ እኔ እንደዚህ ነው የምረዳው። መዝራት የሚለው ነገር ከመድረኩ ወርዶ ወረቀት ላይ ገባ።

በ1880 ክረምት፣ በ27 ዓመቱ፣ ኩዌም በምትባል የማዕድን ቆፋሪዎች መንደር ሆኖ ቴኦን አንድ ነገር ለመነው፦ አድሪያን ላቪዬይ ከሚሌ ንድፎች ወስዶ በእንጨት ላይ ቀርጾ ያተማቸውን «የእርሻ ሥራዎች» የተባሉ ተከታታይ ሥዕሎች በፖስታ እንዲልክለት። በመስከረም ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። «ዘሪው»ን እስከዚያ ቀን 5 ጊዜ ገልብጦታል፣ 2 ጊዜ በትንሹ፣ 3 ጊዜ በትልቁ። ሆኖም አልወጣለትም፤ ሰውዬው አእምሮውን እንደያዘው ስለሆነ ገና ይመለስበታል።

5 ጊዜ መገልበጥ ምን ያስተምራል? ሥዕል የምናየው በዓይን ብቻ ሲሆን ብዙ ነገር ዘለን እናልፋለን። ባርኔጣ አየን፣ እግር አየን፣ ገባን ብለን እንሄዳለን። እርሳስ የያዘ እጅ ግን ምንም መዝለል አይችልም። ተረከዙ መሬቱን የነካው የት ላይ ነው? የሰውነቱ ክብደት ያረፈው በየትኛው እግር ነው? ክንዱ ከጀርባው ጋር የሚሠራው ማዕዘን ጥቂት ቢጠብ ሰውዬው መዝራቱን ትቶ የቆመ ይመስላል፤ ጥቂት ቢሰፋ ደግሞ ይወድቃል። ገልባጩ እነዚህን ሁሉ ውሳኔዎች፣ ዋናው ሰዓሊ በወሰነበት ቅደም ተከተል ባይሆንም፣ አንድ በአንድ ዳግመኛ ይወስናል። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ሥዕሉን ከሣለው ሰው ጋር ለብዙ ሰዓት ሲነጋገር እንደዋለ ነው።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልብ ይባልልኝ። ለቫን ጎግ በፖስታ የሚደርሱት ህትመቶች ናቸው፤ ቀለም የላቸውም። ሚሌን የሚያጠናው በጥቁርና ነጭ ነው። በኋላ የሚሆነው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ልክፍት አደጋም አለው። በ1882 ቫን ጎግ አልፍሬድ ሳንሲዬ የጻፈውን የሚሌን የሕይወት ታሪክ አነበበ። መጽሐፉ ሚሌን ድህነትን በጸጋ የተቀበለ፣ ለመሬቱ የመነነ ቅዱስ አድርጎ ያቀርበዋል። እውነተኛው ሚሌ በኋላ ዘመኑ ዝናም ገንዘብም አግኝቷል፤ በ1868 የፈረንሳይ መንግሥት የክብር ሌጅዮን ኒሻን ሸልሞታል። ቫን ጎግ ግን የገዛው ገድሉን ነው፣ በራሱ ኑሮም ሊደግመው ሞከረ። ኑኤነን በምትባል የሆላንድ መንደር ተቀምጦ የገበሬ ፊት ከገበሬ ፊት ሲሥል ከረመ። በ1885 የወጣው «ድንች በሎቹ» የዚያ ድካም ፍሬ ነው። ሳንሲዬ የሚሌ ገበሬዎች በሚዘሩበት አፈር የተቀቡ እንደሚመስሉ የሚናገር አባባል በመጽሐፉ አስፍሮ ነበር፤ ቫን ጎግ ያንን ቃል በቃል ተቀብሎ የሰዎቹን ፊት አቧራው ያልታጠበ፣ ያልተላጠ ድንች አስመሰለው። የሥራ ጓደኛው አንቶን ቫን ራፓርድ የሥዕሉን ህትመት አይቶ ክፉኛ ተቆጣ፤ እንዲህ እየሠራህ የሚሌን ስም እንዴት ትጠራለህ አለው። ጓደኝነታቸው ከዚያ በኋላ አልተጠገነም።

ራፓርድ ስለ አሳሳሉ ጉድለት ያነሳቸው ነጥቦች አንዳንዶቹ እውነት ናቸው። ቢሆንም ፍርዱን አልጋራም። «ድንች በሎቹ» ውስጥ የመብራቱ ብርሃን ያረፈባቸው እነዚያ አጥንታም እጆች ከሚሌ አልተወሰዱም፤ ሚሌ ገበሬዎቹን ከመከራቸው በላይ ከፍ አድርጎ ያቆማቸዋል፣ ቫን ጎግ ግን አጠገባቸው ተቀመጠ። ያም ሆኖ ጭቃው የተዋሰው ነበር። ከአንድ ጌታ በቀር ሌላ የማያውቅ ተማሪ፣ የጌታውን ግድግዳ የራሱ ቤት አድርጎ ይኖራል።

ያንን ግድግዳ ያፈረሰው ሁለተኛ ልክፍት ነው።

ቫን ጎግ በ1886 ፓሪስ ቴኦ ዘንድ ገባ። በከተማው የጃፓን የእንጨት ህትመቶች በርካሽ ይሸጡ ነበር፤ ሁለቱ ወንድማማቾች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰበሰቡ። ከእነሱ መካከል የኡታጋዋ ሂሮሺጌ ሥራዎች ይገኙበታል። በ1887 ቫን ጎግ ከሂሮሺጌ «መቶ የኤዶ ዝነኛ ገጽታዎች» ሁለቱን፣ ማለትም የፕሪም አጸዱንና ዝናብ ያጋጠማቸው ሰዎች የሚሻገሩትን ድልድይ፣ በዘይት ቀለም ገለበጠ። አሠራሩ የዕደ ጥበብ ሰው አሠራር ነው። በፕሪሙ ህትመት ላይ ስስ ወረቀት አኑሮ መስመሮቹን ተከተለ፣ ወረቀቱን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፈለ፣ ሸራውንም በዚያው ልክ በትልልቁ ከፋፍሎ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት አሻገረው። ያ ስስ ወረቀት እስከ ዛሬ ተጠብቆ አለ። ቀለሙ ላይ ግን ታማኝ አልሆነም፤ ቀዩን አነደደው፣ አረንጓዴውን አጠነከረው፣ ዙሪያውን ደግሞ ከሌሎች ህትመቶች በለቀማቸው የጃፓን ፊደላት አስጌጠው። ማንበብ ስለማይችል ለእሱ ጌጥ ብቻ ነበሩ።

ከሂሮሺጌ የተማረው ሚሌ ሊያስተምረው የማይችለውን ነው። ሂሮሺጌ የፕሪሙን ግንድ አምጥቶ ዓይናችን ሥር ይደነቅረዋል፤ ግንዱ በሥዕሉ ጠርዝ ተቆርጧል፣ ሰዎቹ ከቅርንጫፎቹ ማዶ ጥቃቅን ሆነው ይታያሉ። ቅርቡና ሩቁ ያለ መካከለኛ ይገናኛሉ። ቀለሙ ጥላ የለውም።

በ1888 የካቲት ወደ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ወደ አርል ወረደ። በሰኔ፣ አዝመራው ሲደርስ፣ ያ የቆየ ምኞቱ ተቀሰቀሰ። ለቴኦ የጻፈው ነገር የዚህ ምዕራፍ ልብ ነው፦ ከሚሌና ገበሬዎችን ይሥል ከነበረው ከሌርሚት በኋላ ሊሠራ የቀረ ነገር ቢኖር ዘሪው በቀለምና በትልቅ መጠን ነው ይላል። ሚሌን ለዓመታት አጥንቶ፣ ሚሌ ያልሠራውን አገኘ። የሚሌ ዘሪ ግራጫ ነው፤ ቫን ጎግ ደግሞ ቢጫና ወይን ጠጅ ጎን ለጎን ቢቆሙ ግራጫው የማይናገረውን እንደሚናገሩ ገብቶታል። ፈርቶም ነበር፤ በልብ ብዙ የቆየ ምኞት ሲሞከር ሊከሽፍ እንደሚችል ያውቃል። ሥዕሉን ጀመረ፣ አስተካከለ፣ በላዩ ደግሞ ሣለ፣ አልረካበትም። ፀሐይዋ ሰማዩን ሞልታዋለች፣ ማሳው በወይን ጠጅና በሰማያዊ ምቶች ተጥለቅልቋል፣ ዘሪው ግን ከሚሌ ሸራ ተቆርጦ የመጣ እንግዳ ይመስላል።

የተሳካለት በኅዳር ነው። ያኔ ሰዓሊው ፖል ጎጋን ከእሱ ጋር ይኖር ነበር። ይህን «ዘሪ» ሁለት ጊዜ ሠራው፤ አምስተርዳም ያለው ትንሹ 32 በ40 ሳንቲሜትር ግድም ነው፣ ከአንድ ትልቅ መጽሐፍ ገጽ ብዙም አይበልጥም። ሰማዩ አረንጓዴ ያዘለ ቢጫ ሆኖ ሮዝ ደመናዎች ይታዩበታል። መሬቱ ወይን ጠጅ ነው። ግዙፍ የሎሚ ቢጫ ፀሐይ ከዘሪው ራስ ኋላ፣ በሥዕል ላይ ቅዱሳን እንደሚከበቡበት አክሊለ ብርሃን ሆና ወጥታለች፤ ሰውዬው ግን ጥቁር ሰማያዊ ጥላ ብቻ ነው፣ ፊት የለውም። ከፊታችን ደግሞ አንድ ጠማማ ግንድ ሥዕሉን በሰያፍ ሰንጥቆታል። ያ ግንድ የሂሮሺጌ ፕሪም ነው። ዘሪው የሚሌ ነው። ሁለቱም ከየባለቤታቸው ይታወቃሉ፤ ሥዕሉን አይቶ ግን የሚሌ ወይም የሂሮሺጌ ነው የሚል ሰው አይገኝም። ሁለት ልክፍቶች በአንዲት ትንሽ ሸራ ተገናኝተው፣ አንዳቸው የሌላውን ጎታችነት ሲቀንሱ፣ መሐል ላይ ቫን ጎግ ራሱ ታየ።

አንድ ጌታ ብቻውን ቢሆን ይውጠው እንደነበር የኑኤነን ዓመታት ያሳያሉ። ከሁሉ በላይ ግን የረዳው፣ በእኔ እምነት፣ በእጁ የነበረው ሚሌ ጎዶሎ መሆኑ ነው። ህትመት ቅርጹን ይሰጣል፣ ቀለሙን ይነፍጋል። የሚወዱት ነገር ክፍት ቦታ ሲኖረው፣ ወዳጁ ያንን ቦታ በገዛ ገንዘቡ መሙላት አለበት። ሙሉ ሆኖ የደረሰው ሥራ ከአድናቆት በቀር የሚጠይቀን ነገር የለም።

ይህ በአውሮፓ ብቻ የታየ ነገር አይደለም፤ በአገራችንም ከቫን ጎግ 200 ዓመት በፊት ደርሷል። በ1591 ሮም ውስጥ፣ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት፣ የአንቶኒዮ ቴምፔስታ ሥዕሎች በእንጨት ተቀርጸው የገቡበት የዓረብኛ ወንጌል ታትሞ ነበር። መጽሐፉ ኢትዮጵያ ደረሰ። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ሥዕሎቹን እያዩ በብራና ወንጌሎቻችን ላይ ሣሏቸው፤ የሰዎቹ አቋቋምና አደራደር የሮሙን ይከተላል። ህትመቱ ግን ቀለም የለውም፣ ስለዚህ ቀዩም ቢጫውም ሰማያዊውም ከሠዓሊዎቹ ራስ ወጣ። ሮማዊው ቀራጭ ጥላ ለመስጠት ያሰመራቸው ጥቃቅን መስመሮች የልብስ ጌጥ ሆኑ፣ ዓይኖቹ ተከፈቱ። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችው የእመቤታችን ሥዕልም እንዲሁ በሚስዮናውያን በኩል በግልባጭ መጥታለች፤ ሁለት ጣቶቿን ዘርግታ፣ በእጇ መሐረብ ይዛ ልጇን የታቀፈችውን ሥዕለ ማርያም የማያውቅ ምእመን ጥቂት ነው። ዛሬ ያችን ሥዕል ከሮም መጣች ብሎ የሚያስባት የለም፣ የኛ ናት። እነዚያ ሠዓሊዎች መገልበጥን ነውር ቢሉት ኖሮ የጎንደር ሥዕል ምን ይመስል እንደነበር መገመት አልችልም።

ወደ ቫን ጎግ ልመለስ። በ1889 ግንቦት ሳን-ሬሚ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ገባ። በሐምሌ ሕመሙ በኃይል ተነሳበት፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ደጅ ወጥቶ መሣል አልቻለም። ሰው ተቀምጦለት የሚሥልበት ዕድልም አልነበረውም። በመስከረም የላቪዬይን ህትመቶች፣ ከ9 ዓመት በፊት ኩዌም ውስጥ የለመናቸውን እነዚያኑ፣ ፊቱ አቁሞ በቀለም ይሠራቸው ጀመር። አጫጅ፣ ነዶ አሳሪ፣ በግ ሸላች፣ ፈታይ። ለቴኦ ሲያስረዳ ራሱን ከሙዚቀኛ ጋር አመሳሰለ፦ የቤትሆቨንን ድርሰት የሚጫወት ሰው የራሱን አተረጓጎም ይጨምርበታል፣ የሚጫወተው ደራሲው ብቻ ይሁን የሚል ሕግ የለም። ጥቁርና ነጩን እንደ መነሻ አስቀምጦ ቀለሙን እዚያው በዚያው ይፈጥራል፤ ብሩሹ በጣቶቹ መካከል እንደ ቫዮሊን ቀስት ይሄዳል። በዚያ ማቆያ ከሚሌ የሠራቸው ሸራዎች 20 ያህል ናቸው።

ከእነሱ ውስጥ ደጋግሜ የምመለስበት «የመጀመሪያ እርምጃዎች» ነው። የቴኦ ባለቤት ማርገዟን ቀደም ብሎ ሰምቶ ነበር፤ የሚሌ ሥዕል ፎቶግራፍም ደርሶታል። ቫን ጎግ ፎቶግራፉን በካሬ ከፋፍሎ በ1890 ጥር ሸራ ላይ አሻገረው። አባትየው አካፋውን መሬት ላይ ጥሎ በርከክ ብሏል፣ ሁለት ክንዶቹን ዘርግቷል። እናትየው ልጅቷን ከኋላ ደግፋታለች፣ ገና አልለቀቀቻትም። ሚሌ ይህን በልስላሴ ሠርቶታል። በቫን ጎግ እጅ ግን ሣሩ፣ አጥሩ፣ ዛፉ፣ የልብሱ እጥፋት ሁሉ በአጫጭር ምቶች ይንቀሳቀሳል፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ብቻ ማለት ይቻላል፣ የአትክልቱ ስፍራ በሙሉ ልጅቷን የሚጠራት ይመስላል። ሥራው በተሠራበት ወር መጨረሻ፣ ጥር 31፣ የቴኦ ልጅ ተወለደ፤ ስሙንም ቪንሰንት አሉት። ያን ሥዕል ግልባጭ ነው ብሎ ማለፍ የሚችል ሰው ካለ ፊቱ ቆሞ ብዙ አላየውም። ዛሬ ኒው ዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው።

ቴኦ በግንቦት መጀመሪያ ከሚሌ የተሠሩት ሸራዎች ምናልባት እስከዚያ ከሠራቸው ሁሉ የሚበልጡ እንደሆኑ ጻፈለት፤ ሰዎች ያሉባቸውን የራሱን ድርሰቶች መሥራት የጀመረ ቀን ገና ትልልቅ ነገሮች ይጠበቃሉ አለው። ቫን ጎግ በዚያው ወር ማቆያውን ትቶ ከፓሪስ ብዙም ወደማትርቀው ወደ ኦቬር ሄደ። የቀረው ከሁለት ወር ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ነው፤ ሐምሌ 29 ቀን ሞተ። ከ800 በላይ ሥዕሎች በዘይት ቀለም ሠርቷል፣ ከዘሪው ብቻ ከ30 በላይ ንድፍና ሥዕል አውጥቷል። በኦቬር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቴኦን የጠየቀው ደግሞ ሻርል ባርግ ያዘጋጀውን፣ ለጀማሪዎች የሚሆነውን የከሰል ንድፍ መማሪያ እንዲልክለት ነው። በ1880 እርሳስ ሲይዝ የጀመረበት መማሪያ ነው። 60ዎቹንም ገጾች እንደገና መገልበጥ ፈልጎ ነበር፤ በአንድ ወር እጨርሳቸዋለሁ ብሎ አስልቷል። የሰውን አካል መጠንና አቋም ማጥናት ካቆምኩ ኋላ እቸገራለሁ የሚል ምክንያትም ሰጥቷል።